ያልተሟሸ ቤት

እትዬ ከመሐል ሜዳ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ላም በረት መናኸሪያ ሲደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዴንቨር አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬ ከተመለስኩ ወዲህ አያት አካባቢ የገዛሁትን ቪላ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሳሎኑን ሳሰናዳ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሞፈርና ቀንበር፣ ጥግ ላይ በሆዱ አምፖል የገባበት ጋን፣ ከሶፋው ሥር የላም ቁርበት፣ ከመስኮቱ ጎን ሦስት መሶብና አንድ የሸክላ ምጣድ። እትዬ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ፣ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ጠየቁኝ።

እትዬ፦ ማን ሞተ?

እኔ፦ ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ። ምነው?

እትዬ፦ ሞፈሩን ሰቅለኸዋላ። በእኛ አገር ዘር ሲያልቅ ሞፈር ይሰቀላል፤ ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል። ሳይወርድ የከረመ ሞፈር ያየን እንደሆነ «ባለቤቱን ምን አገኘው?» ብለን ነው የምንጠይቅ። ይኸኛው ደግሞ ቀለም ተቀብቷል። ሊወርድ እንዳልታሰበ ያስታውቃል።

እኔ፦ ለጌጥ ነው። አሜሪካ ያየሁት የቤት አያያዝ አለ፤ የራንች ቤት ይሉታል። ራንች ማለት ሰፊ የከብት እርባታ ነው። ቤቱ ፎቅ የለውም፤ ዝቅ ብሎ በረዥሙ የተዘረጋ ነው። ውስጡን ባልተላገ እንጨት፣ በቆዳ፣ በቀንድ፣ በፈረስ ኮርቻ፣ በሱፍ ምንጣፍ ያሳምሩታል።

እትዬ፦ እሱማ የአባቴ ቤት ነው።

እኔ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው! ዴንቨር ከተማው ሜዳ ላይ ነው፤ በምዕራብ በኩል ግን ተራራ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተራራው ውስጥ ወዳለው የወላጆቹ ቤት ወሰደኝ። ገና በሩን ስናልፍ ኮርቻ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፣ ከጎኑ ገመድ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፣ የቆዳው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። አያቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ። እንባዬ መጣ፤ ምን እንደሆንኩ ለሰዎቹ ማስረዳት አቃተኝ። አገሬ ስገባ ቤቴን እንዲህ አደርገዋለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው።

እትዬ፦ አያትህ ኮርቻውን የሚሰቅልበት ምሰሶ ትዝ ይልሃል?

እኔ፦ ከበሩ በስተግራ።

እትዬ፦ አዎ። የሚሰቅለው እንዲደርቅ ነው። ላብ የጠጣ ኮርቻ መሬት ካደረ አይጥ ይበላዋል። የእነዚያ ሰዎች ኮርቻስ ይጫናል?

እኔ፦ አባትየው እርጅና እስኪይዘው ድረስ ይጭነው ነበር አሉኝ።

እትዬ፦ እንግዲያው እንባህ ልክ ነው። የሰው እጅ ያለበትን አይተህ ነው ያለቀስከው።

(ሻይ አቀረብኩ። ቁጭ ያሉት ግን ሶፋው ላይ ሳይሆን ከአንድ የዋንዛ ግንድ በተፈለፈለው የጅማ በርጩማ ላይ ነው። መደገፊያውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ይኸ ጥሩ ነው፤ ተቀምጠውበታል» አሉ።)

እኔ፦ ወደ ኋላ ላይ ነገሩን ከየት እንደመጣ አጠናሁት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1890 ሕዝብ ሲቆጥሩ፣ ወደ ምዕራብ እየገፋ ይሄድ የነበረው የሰፈራ ወሰን ከእንግዲህ የለም፣ አገሩ ተያይዟል አሉ። ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ቶማስ ሞልስዎርዝ የሚባል ሰው ዋዮሚንግ ውስጥ ኮዲ በምትባል ትንሽ ከተማ የቤት ዕቃ መሥሪያ ከፈተ። ጉጥ የበዛበትን ግንድ እንደ ጉጡ ይተወዋል፤ ቆዳ ያለብሰዋል፤ ቀንድ ይጨምርበታል፤ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቺማዮ የሚሸመነውን የሱፍ ጨርቅ መደገፊያው ላይ ያደርገዋል። ዛሬ የምዕራብ ገጠር አሠራር ሲባል በሰው ዓይን የሚመጣው ብዙው ከእሱ እጅ የወጣ ነው።

እትዬ፦ ለከብት ጠባቂዎቹ ነበር የሚሠራው?

እኔ፦ አይደለም። ለሀብታሞችና ለእንግዳ ማረፊያዎች ነው። ከብት በእግሩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ዘመን ያኔ አልፏል።

እትዬ፦ አገሩ ተያይዟል ያሉት፣ ድሮ ባዶ ነበር እንዴ?

እኔ፦ አልነበረም። ነባሮቹ ሕዝቦች ነበሩበት፤ እየተገፉ ነው የተያያዘው።

እትዬ፦ ይኸ ሰፈርስ? ረዳቱ «ላም በረት ደርሰናል፣ ውረዱ» አለኝ፤ ወርጄ ብዞር መኪና ብቻ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች እኮ ላም አይተው ነው።

እኔ፦ ይህ ሁሉ እርሻና ግጦሽ ነበር እትዬ። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ የመጣው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ቦሌ ራሱ የከተማው ዳር ነው። ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው እዚያ ቤት ከሠራው የጣሊያን ኩባንያ ነው። አያት፣ ሰሚት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ደግሞ ትናንት የታረሱ መሬቶች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ እኛ ሻይ የምንጠጣበት ቦታ ላይ ጤፍ ወይም ስንዴ እናገኝ ነበር። በራችን ላይ ያሉት ጥበቃ እንኳ፣ አባታቸው በዚሁ አካባቢ ያርሱ እንደነበር አጫውተውኛል።

እትዬ፦ አጫውተውህ ነው ሞፈሩን ከላያቸው የሰቀልከው?

(መልስ አልነበረኝም። ሰውየው በየወሩ ደመወዛቸውን ሊቀበሉ ሲገቡ ዓይናቸው ወደዚያ ግድግዳ ሄዶ ሲመለስ አይቻለሁ። ምን እንደሚሰማቸው ጠይቄ አላውቅም።)

እትዬ፦ ልታስከፋቸው ብለህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ና እስቲ አጠገቡ እንሂድ። ስማቸውን ታውቃቸዋለህ?

እኔ፦ ሞፈር፣ ቀንበር።

እትዬ፦ እሱን ሁሉም ያውቃል። ይኸ እርፍ ነው፤ ገበሬው የሚጨብጠው። ይኸ ድግር ነው፤ ሁለት መሆን ነበረበት፣ አንዱ የለም። ማረሻው የለም። ማረሻውንና ድግሩን አንድ ላይ የሚይዘው ወገል የለም። ብረት ብረቱን ነቅለው ለሌላ ሸጠውታል ማለት ነው። እነዚህ ማነቆዎች ናቸው። ቀንበሩን ደግሞ ልብ ብለህ እየው፤ እዚህ ጋ ተልጦ ለስልሷል፣ የበሬ አንገት ነው ያለሰለሰው። በግራ በኩል ጠለቅ ይላል፤ የግራው በሬ ጉልበታም ነበር። ይኸን ያህል የሚበላው ብዙ ዘመን ሲታረስበት ነው። ቫርኒሹ ሁሉንም እኩል አብለጭልጮ አንተ እንዳታየው አድርጎሃል።

እኔ፦ ሻጩ «ያረጀ መስሎ ከሚታይ ንጹሕ ይሁንልህ» ብሎ ነው የቀባልኝ።

እትዬ፦ ንጹሕማ ነበር። አፈር ቆሻሻ አይደለም።

እኔ፦ ይውረድ?

እትዬ፦ እሱን ከጥበቃው ጋር ትነጋገራለህ። መሶቦቹ ይልቅ ያሳስቡኛል። ይኸኛው የጉራጌ ይሁን የጎጃም እንጃ፣ አለላው ሲያምር! ግን አሸተትኩት፤ ሻግቷል።

እኔ፦ ከገዛሁት ገና ስድስት ወሩ ነው። በየሳምንቱ አቧራውን አራግፋለሁ።

እትዬ፦ ልጄ፣ ስንደዶና አክርማን ያኖረው ምን ይመስልሃል? ጭስ ነው። በእኛ ቤት መሶቡ፣ እንቅቡ፣ ወንፊቱ፣ የክዳኑ ሣር፣ የቆጡ እንጨት፣ ሁሉም ጭስ ይጠጣል። ጭስ የጠጣን ነገር ነቀዝ አይደፍረውም፣ ሻጋታ አይይዘውም። የአንተ ቤት ጭስ የለው፣ መስኮቱ መስታወት ነው፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፣ ክረምት ሲሆን ያልበዋል። ግድግዳ ላይ አጣብቀኸው ትንፋሽ ነሣኸው። ከግድግዳው አውርደህ ፀሐይ አሙቀው፤ ከዚያ እንጀራ አኑርበት። የሚከፈትና የሚዘጋ መሶብ አይሻግትም።

እኔ፦ ሐረር ግን ግድግዳቸው ሙሉ ስፌት ነው። አይቻለሁ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ።

እትዬ፦ የሐረሮቹን አላየሁም። አንተ ንገረኛ።

እኔ፦ ቤታቸው ውስጥ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አለ፤ ሰው እንደ ደረጃው የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው። ስፌቶቹ እናት ለልጇ፣ ሴቲቱ ለራሷ የሰፋቻቸው ናቸው፤ ለድግስ ይወርዳሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ፣ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ወለሉን በቀይ አፈር የሚቀቡት ጨለንቆ ላይ በ1887 እ.ኤ.አ. የወደቁትን ለማሰብ ነው ይላሉ።

እትዬ፦ ታዲያ እሱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። የገባ ሰው ያነበዋል። የአንተን ግድግዳ ያነበበ ምን ይላል? ምጣድ ተሰቅሎ አይቶ «ይህች ቤት እንጀራ አይጋገርባትም» ነው የሚል። ለመሆኑ ተሟሽቷል?

እኔ፦ ምኑ?

እትዬ፦ ምጣዱ። ሲገዛ እንደዚሁ ነበር? (በጣታቸው ቆረቆሩት) አልተሟሸም። ጥሬ ሸክላ ነው። አዲስ ምጣድ እሳት ላይ ይጣዳል፣ የተፈጨ ጎመን ዘር እየተበተነበት በጨርቅ ይወለወላል፣ ይደገማል፣ ይሠለሣል፤ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ። ከዚያ በኋላ ነው እንጀራ የማይዝበት። ጋንም እንደዚሁ፤ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ማንኛውም ዕቃ ቤት ሲገባ ይሟሻል። የአንተ ቤት ዕቃው ሞልቷል፤ የተሟሸ ግን ከዚህ በርጩማ በቀር አላየሁም።

(ይህን ሲሉኝ ዴንቨር ሳለሁ ተራራው ውስጥ ያየሁት ቤት መጣብኝ። እዚያ ያለው ኮርቻ ጀርባው ጠቁሮ፣ እርካቡ የሚሰቀልበት ጠፍር ተለጥጦ ነበር። የእኔን ሳሎን ከዚያ የለየው ይህ እንደሆነ አራት ወር ሙሉ ሳስብ አልመጣልኝም።)

እኔ፦ ምጣዱን የገዛሁት ቀጨኔ ወርጄ ነው፤ ከሠሪዋ እጅ።

እትዬ፦ ይኸን ጥሩ አደረግህ። ተጨዋወታችሁ?

እኔ፦ ጥቂት። እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ልጇን ግን ይህንን ሥራ እንድትለምድ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ለምን ስላት «ስድቡን ስለማውቀው» አለችኝ።

እትዬ፦ እውነቷን ነው። እኛም ቤት አልዳንም። በጋኗ ጠላ ስንጠጣ ኖረን፣ ሠሪዋ ደጅ ስትመጣ ልጆቻችንን እንደብቅ ነበር፤ ቡዳ ናት እያልን። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው በአዋጅ ከልክለው ነበር ሲባል ከአባቴ ሰምቻለሁ። አዋጁ ወጣ፣ እኛ ግን ቀጠልን። እኔ ራሴ ያደረግኩትን ነው የምነግርህ፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ሥራዋን ሳሎን ውስጥ በክብር አስቀምጦ እሷን ቡና አልጠራም ማለት ግን ከእኛም ስሕተት አያንስም።

እኔ፦ ልጥራት?

እትዬ፦ አድራሻዋን ካወቅህ ጥራት እንጂ። ማሟሸቱንም ከእኔ ይልቅ እሷ ታሳይሃለች።

(ይህን ጊዜ ከያዙት ፌስታል ውስጥ የታጠፈ ጥቁር ባና አወጡ። የመንዝ በግ ሱፍ ነው፤ እሳቸው ፈትለውት የሰፈራቸው ሸማኔ የሠራው። እኔ ደግሞ ወዲያው ዓይኔ የሄደው ከሶፋው በላይ ወዳለው ባዶ ግድግዳ ነበር።)

እትዬ፦ አይሰቀልም! አየሁህ። ይለበሳል። የአያት ብርድ ከደብረ ብርሃን ብርድ ብዙም አይተናነስም አሉ። ሱፍ ነው፤ መጀመሪያ ይኮሰኩስሃል፣ ከዓመት በኋላ ይለሰልሳል።

እኔ፦ እሺ፣ ይለበሳል። ግን እትዬ አንድ ያሰብኩት አለ፤ ግቢው ውስጥ የሣር ክዳን ጎጆ ማሠራት። ቦሌ ብዙ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ግቢ ውስጥ አለ። የጓሳ ሣር ከእናንተ አገር ባስመጣስ?

እትዬ፦ ጓሳ እንደፈለጉ የሚታጨድ መሰለህ? ጓሳ እኮ ከአባቶቻችን ጀምሮ የተከለለ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች ተካፍለውት፣ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል። ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይገባበትም። የሣሩ ቁመት ሲደርስ ጠባቂዎቹ ያውጃሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም በቀኑ ወጥቶ ያጭዳል። ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ቀበሮዋም ጭላዳውም እዚያው ነው የሚኖር።

እኔ፦ አራት መቶ ዓመት ገደማ የቆየ ሥርዓት ነው ሲባል አንብቤያለሁ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈርሶ ነበር አይደል?

እትዬ፦ ፈርሶ ነበር። ያን ጊዜ ሣሩ ሲራቆት አይተናል። በኋላ ሰዉ ራሱ ተሰብስቦ ደንብ አወጣና መለሰው። እና ይኸንን ሣር አጭደህ፣ በመኪና ጭነህ፣ ጭስ በሌለው ጎጆ ላይ ብትከድነው ምን ይሆናል? በሁለት ክረምት ይበሰብስብሃል። ጎጆ ከሠራህ እሳት ይንደድበት፤ ቡና ይፈላበት፤ ሽማግሌ ይቀመጥበት። ያለዚያ ሣሩን ለቀበሮዋ ተወው።

እኔ፦ እሳት ለማንደድ ሰፈሩ አይመችም። ጎጆውን ልተወው። አንድ ነገር ግን አልተውም፤ አንዱን ግድግዳ የጭቃ ማድረግ እፈልጋለሁ። የራንች ቤት ሥሩ ሲቆፈር ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጭቃ ነው። ክሊፍ ሜይ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሳን ዲዬጎ ውስጥ እነዚያን ዝቅ ያሉ ቤቶች መሥራት ሲጀምር፣ የቀዳው ከካሊፎርኒያ ጥንታዊ የጭቃ ጡብ ቤቶች ነው። ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው ረዥም፣ መሐላቸው ግቢ።

እትዬ፦ ታዲያ ከዚያ አትጀምርም! እሱ የሚጨበጥ ነገር ነው። ጭቃ ያለበት ቤት ደግሞ ይተነፍሳል፤ መሶብህም አይሻግትም።

እኔ፦ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም አለ፤ በ2011 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ናቸው የሠሩት። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ሠዓሊው ደግሞ ጭቃውን እንደ ጥልፍ ሠርቶታል። ስገባ እጄ ሳላስበው ዳሰሰው። እዚህ ከተማ ውስጥ የጭቃ ቤት ማለት ድህነት ነው ብለን ስናፈርስ፣ እነሱ ጭቃን ለሚቀጥለው ትውልድ አደረሱት። ከመገናኛ እስከ ፒያሳ መንገድ ሲሰፋ ስንቱ የባሕር ዛፍ ማገርና ወጋግራ በአንድ ሳምንት ተነቅሎ ተጫነ! ከዚያ መሐል ሰባና ሰማንያ ዓመት የቆመ ነበረበት። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የገጠር ቤት እንዲመስልልኝ ብዬ ሲሚንቶ ላይ የጭቃ ቀለም አስቀባሁ። ይህ ያሳፍረኛል።

እትዬ፦ ማፈሩ ይበቃል፤ ሥራው ይጀመር። በእኛ ደጋ ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ግን ከውስጥ በጭቃ ይመረጋል፣ ስለዚህ ምርጊት አውቃለሁ። አፈሩ አሸዋ የበዛበት እንዳይሆን። የጤፍ ጭድ አስመጣ፤ የጤፍ ጭድ ደቃቅ ነው፣ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። በውኃ ትለውሰዋለህ፣ በእግርህ ትረግጠዋለህ፣ ከድነህ ታሳድረዋለህ። በማግሥቱ ትደግማለህ። እንደ ሊጥ መቡካት አለበት። ቸኩለህ የመረግከው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶው ለስላሳ ነውና አስቀድመህ በመዶሻ አቁስለው፤ ያለዚያ አይይዝልህም። ከሥሩ መደብ አውጣለት፤ ሰው የሚቀመጥበት፣ አጎዛ የሚነጠፍበት። የመጨረሻውን ልስን እኔ በእጄ እለስንልሃለሁ፤ እስከዚያ አልሄድም።

እኔ፦ ስንት ቀን ይፈጃል?

እትዬ፦ ጭቃው ይነግርሃል።

(ሲመሽ ጥበቃውን ጠራኋቸው። ከገቡ በኋላ በሩ አጠገብ ቆሙ፤ እትዬ ተነሥተው በርጩማውን ለቀቁላቸው። «ሞፈሩን ላወርደው ነው፤ የት ቢሆን ይሻላል ብዬ ልጠይቅዎ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ወጡና ቀንበሩን ራሳቸው አወረዱት፤ መሬት ላይ አጋደሙት፤ የተላጠውን ቦታ በመዳፋቸው ሄዱበት።)

ጥበቃው፦ ምራኑ ተገልብጦ ነው የታሰረው። ይህ ጠፍር ከላይ ዞሮ ነው በሞፈሩ ሥር የሚገባው። እንዲህ ታስሮ ቢጠመድ በመጀመሪያው ትልም ይፈታል።

እትዬ፦ እኔም አይቼው ነበር፤ የወንድ ሥራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደርቋል መሰለኝ?

ጥበቃው፦ ደርቋል እማማ፤ ይሰበራል። አዲስ ይሻለዋል። እርጥብ ቆዳ ካለ እኔ እቆርጠዋለሁ፤ አባቴ ሲቆርጡ እይዝላቸው ነበር።

እትዬ፦ (ወደ እኔ ዞረው) ነገ ሾላ ገበያ ስትሄድ ጎመን ዘሩን ብቻ እንዳይመስልህ። ቆዳም ጨምር።